አለሁ ያለው ዋስ

ባሌ ታደሰ ለሞተ ሰው በደንብ ይበላ ነበር። ሽሮ ሲሰጡት ሽሮ፣ ጎመን ሲሰጡት ጎመን፣ አንድም ቀን ትርፍራፊ መልሶ አያውቅም። ሲተኛ ያንኮራፋል። ሁለት ሴት ልጆች አስወልዶኛል። እግሩ ክረምት ክረምት እንደ ድንጋይ ከመቀዝቀዙ በቀር ሌላ የሙት ምልክት አላየሁበትም። እሱንም ቢሆን የዘበኝነት ሥራ ያመጣው ነው ብዬ ካልሲ እደርብለት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የመንግሥት ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ባልሽ ሳታገቢው በፊት ነው የሞተው» ሲለኝ ምን ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ያሳመረ ካለ እሷ ናት፣ የዋሸ ካለ ግን እኔ አይደለሁም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ምላሴ እንዳሁኑ ስለት ነበረው፣ ጥርሴም ሙሉ ነበር። ሥራዬ ጆንያ መጥቀም ነው፣ ቀዳዳውን በመርፌ መስፋት። ሰንጋ ተራ ጀርባ አንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን ነበር፤ የተቀደደውን ጆንያ ተሸክሜ እወስድና ጠቅሜ እመልሳለሁ። ታደሰ የዚያ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ያገባሁት በጆንያ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱ ይቆጥራል፣ እኔ ሁለት ሦስቱን እደብቃለሁ፣ እሱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወንድ አይገኝም ብዬ ያዝኩት።

አንድ ጠባይ ነበረበት። በስሙ ስትጠሩት አይመልስም። «ታደሰ» ብትሉት ዝም። ደግማችሁ ብትጠሩት ዝም። ሦስተኛ ስትጠሩት ብቻ ቀስ ብሎ «አለሁ» ይላል። አቤት አይልም፤ አለሁ ነው የሚለው። እኔ ደንቆሮ ያገባሁ መስሎኝ ስንቴ በሹክሹክታ ሞክሬዋለሁ፤ ሹክሹክታውንም በሦስተኛው ይመልሰዋል። «ለምን ወዲያው አትመልስም?» ስለው፣ «እናቴ ነች እንዲህ ያስለመደችኝ» ይለኛል። ስለ እናቱም ስለ አገሩም ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም። አገሩ መርሐቤቴ እንደሆነ አውቃለሁ። ዘመድ የለኝም ይላል። እኔም ዘመድ የሌለው ባል ስለሆነ፣ አማት መጥታ ድስቴን አትከፍትም ብዬ ደስ ነበር የሚለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት በዘበኝነት ከሠራ በኋላ ሳንባው ታመመና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሄደ። እዚያው ልደታ ተቀበረ። ቄሶቹ ሲፈቱት በክርስትና ስሙ ነው የጠሩት፤ በዚያ ቀን «ታደሰ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ይህን ልብ አድርጉልኝ።

ለእኔና ለልጆቼ ጡረታ ይገባችኋል አሉኝና ማመልከቻ አስገባሁ፣ አሻራዬን ጫንኩ። የጡረታው መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ ተወለደበት አገር ደብዳቤ ጻፈ፣ ለማጣራት ነው። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። አንድ ቀን ተጠራሁና ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ከዚያ ከገበሬ ማኅበሩ የመጣውን መልስ አነበበልኝ። «ታደሰ ገብሬ የተባለው ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ጀማ ወንዝ ወስዶት የሞተ ሲሆን፣ ሬሳው ባይገኝም ተዝካሩ በዘመዶቹ ወጥቷል» ይላል። ማኅተም አለው። ያ ጀማ ወሰደው የተባለበት ጊዜ ሲቆጠር፣ እኔ ካገባሁት በአራት ዓመት ይቀድማል።

«ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ደመወዝ ሲፈርም የነበረው ማነው?» አልኩት።

«እሱን ነው እኛም አንቺን የምንጠይቅሽ» አለኝና ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ቆመ። ልጆቼን እግራቸውን ሳጥባቸው፣ ትንሿ ትርንጎ እግሯ ልክ እንደ አባቷ በረዶ ሆኗል። ውኃው ሙቅ ነው፣ እግሯ አይሞቅም። ብዙ ጊዜ ይዣት ቁጭ አልኩ።

ጡረታው ተከለከለ። ማመልከቻ ጸሐፊ ይዤ ይግባኝ አልኩ። ይግባኝ የሚሰማው ችሎት ልደታ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ አንድ አሮጌ ረጅም ቤት ውስጥ ነበር፤ ጨለማ ኮሪደር አለው፣ ክረምት ሲሆን ጣሪያው ያፈሳል። ማክሰኞ ቀረብኩ። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ መጥቷል። ነገረ ፈጅ ሲሉኝ ነገር የሚጨርስ ሰው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ጨርሶ የሚፈጀው እኔን ኖሯል። ተነስቶ ይህች ሴት ንብረት የላትም፣ ይግባኟ ቢወድቅ የእኛን ወጪና ኪሳራ የሚተካ የለም፣ ስለዚህ በቅድሚያ ለኪሳራ ዋስ ትጥራ አለ።

ሰብሳቢው ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ጌታዬ ማለት አይወደድም፣ ጓድ በሉ ይሉናል። ግራ ገብቶኝ «ጓድ ጌታዬ፣ እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ ጆንያ ጠቃሚ ነኝ። ከየት አምጥቼ ነው ኪሳራ የሚኖርብኝ?» አልኩ።

ችሎቱ ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም፣ ግን ቀስ ብለው አስረዱኝ። ተከራክረሽ ብትረቺ ምንም የለብሽም። ብትሸነፊ ግን መሥሪያ ቤቱ ለክርክሩ ያወጣውን የሚከፍል ሰው ካሁኑ እንዲቆምልሽ ይፈለጋል፤ ያ ሰው ደመወዝ ወይም ንብረት ያለው መሆን አለበት። «እስከ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ዋስሽን ጥሪ። ካልጠራሽ ይግባኙ ሳይሰማ መዝገቡ ይዘጋል» አሉ።

መዝገቡ ከተዘጋ ጡረታው ቀረ ማለት ነው። ጡረታው ብቻም አይደለም። ልጆቼ በወረቀት አባት የላቸውም ማለት ነው። ከሞተ ሰው የተወለደ ልጅ በየትኛው ፎርም ላይ ይጻፋል?

ረቡዕ ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። በመጀመሪያ የሄድኩት አብነት አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ነው፤ ታደሰን ይወደው ነበር። እሺ ብሎ ኮቱን አነሳ። ኮቱን እየለበሰ ጡረታውን ለምን ከለከሉሽ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አንድ እጁ እጅጌ ውስጥ እንደገባ ቆመ። ከዚያ አውጥቶ ኮቱን መልሶ ሰቀለው፤ ዛሬ ሥራ ይበዛብኛል አለ።

ቀጥዬ መጋዘን ኃላፊው ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደመወዛቸው ደህና ነው፣ ታደሰንም አሥራ አንድ ዓመት ያውቁታል። በር ላይ ነው ያነጋገሩኝ፣ ግቢ አላሉኝም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያ ሰው ሲጠራ ወዲያው አይመልስም ነበር። የት ሄዶ ነው የሚመለሰው እያልኩ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውነቴን ያንዘፈዝፈኛል። በኔ አትምጪብኝ።»

ወሬው ከኔ ቀድሞ ደረሰ። ሰፈር ስመለስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ጎረቤቴ፣ ሁልጊዜ ጨው የምትበደረኝ፣ ልጆቼ ፀሐይ ላይ ሲጫወቱ ጎንበስ ብላ ታያለች። ምን ጠፋብሽ ብላት ምንም አለች። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጥላ እንዳላቸው እያየች ነበር። «አላቸው፣ አየሁልሽ፣ ሁለት ሁለት ነው» አልኳት። አልሳቀችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤት ገብቼ እኔም ሻማ አብርቼ አይቻቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጉም ልደታን ዋጣት። ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም፣ ጉልላቱም አይታይም። ስምንት ሰው ለምኜ ስምንቱም እምቢ ብለውኛል፤ የቀረኝ ቦታ ስለሌለ ልሳለም ሄድኩ። በሩ ላይ እማሆይ ብርሃኔ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው አያይም፤ ስማቸው ብርሃኔ መሆኑን እያነሳሁ አበሽቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም በዱላቸው ይፈልጉኛል። ሰውን በድምፁ ነው የሚያውቁት። ታደሰ ሥራ ሲወርድ በየጠዋቱ ሳንቲም ያስቀምጥላቸው ነበር። ሲሞት እሳቸው ገዳም ሄደው ነበር፤ የመጡትም በቅርብ ነው፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

«አስካለ ነሽ?» አሉኝ ከጉሙ ውስጥ። ኮቴዬን ያውቁታል።

«ነኝ እማሆይ።»

«ከባልሽ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?»

ለምን ጠየቁኝ እማሆይ አልኳቸው።

«ገና አሁን በዚህ አለፈ። ሳንቲም አልሰጠኝም፣ ቆመና ‹ሁሉን ሰው ትጠራለች፣ እኔን ብቻ አትጠራኝም› አለኝ። ድምፁ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነው። በይ አስታርቂው።»

ወደ ጉሙ ዞሬ አየሁ። ምንም የለም። ድንጋዩ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ሞቷል ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እኔ ቃል ያጣሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው፤ የልጅ ልጄን ሳትታዘቢኝ ጻፊው ብያታለሁ። ሳልሳለም ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ የማንንም በር አላንኳኳሁም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ያለ ሥራ መርፌ ይዣለሁ። ሁሉን ሰው ጠርቼያለሁ፣ እውነት ነው። እሱን አልጠራሁትም። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ኮሪደሩ ውስጥ ነኝ። ዝናብ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጋቢ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ፊት የለውም። ተጠርቼ ገባሁ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ከመስኮቱ ብርሃን አጠገብ ይዘው፣ «ዋስሽን አመጣሽ?» አሉኝ።

ነገረ ፈጁ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የለኝም እስክል ነው። የለኝም ብል አለቀ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«አለኝ። ዋሴ ታደሰ ገብሬ ነው።»

«ሟቹ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጓድ ጌታዬ፣ እነሱ እንደሚሉት ታደሰ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት የመንግሥት መጋዘን ጠብቋል። አንድም ጆንያ አልጠፋበትም። ከሞተ በኋላ ይህን ያህል ከሠራ፣ ለአንዲት ሴት ዋስ መሆን ያቅተዋል?»

ግራና ቀኙ ዳኞች ከንፈራቸውን ነከሱ። ነገረ ፈጁ ችሎት መድፈር ነው፣ ይመዝገብልኝ አለ። ሰብሳቢው ግን ወረቀታቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ድካሜን አይተው ይሁን ሊቀልዱብኝ፣ እስካሁን አላውቅም፤ «ዋስ ጥሪ ተብለሻል፣ ጥሪው እንግዲህ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጥሪ ሲሉኝ የምጠራ ሰው ነኝ። ወደ በሩ ሄድኩና ከፈትኩት። ኮሪደሩ ጥቁር ነው።

«ታደሰ ገብሬ» አልኩ።

ዝናቡ ብቻ።

«ታደሰ ገብሬ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ጋቢዎች ተንቀሳቀሱ። ከኋላዬ ነገረ ፈጁ ሲስቅ ሰማሁ። ሦስተኛውን ልተወው ነበር፤ አሁን ሳስበው ልተወው ነበር። እማሆይ ያሉኝ ትዝ አለኝ።

«ታደሰ ገብሬ» አልኩ፣ ባሌን በምጠራበት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ።

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ በሩ ካለበት፣ «አለሁ» አለ።

ድምፁ የታደሰ ነው። የሚመስል አይደለም፤ እሱ ነው። አሥር ዓመት ጆሮዬ ሥር የተናገረ ድምፅ ነው፣ ያው መጎርነኑ፣ ያው ቀስ ማለቱ። የበሩን መቃን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ሳቅ ተቆረጠ። ጭቃ የለበሰ ኮቴ ድምፅ ይመጣል። ጋቢ የተከናነበ ረጅም ሰው ከጨለማው ወጣ፣ ውኃ ይንጠባጠባል። ወንዝ የወሰደው ሰው የሚመጣው እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል ብዬም አሰብኩ፤ ሊወስደኝ የመጣ መስሎኝ ነው።

ሰውየው ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። ሽበት አለው። የታደሰ አፍንጫ፣ የታደሰ ግንባር፣ ግን ያረጀ ታደሰ ነው።

«እኔ ግዛው ገብሬ ነኝ» አለ። «የታደሰ ታላቅ ወንድም። ስሙ ሦስቴ ተጠርቶ የሚመልስ ሲያጣ ዝም ማለት አቃተኝ።»

አልወደቅሁም፤ ወደቀች ብላ የምታወራ ጎረቤት ካለች ውሸቷን ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅሁም።

ሰብሳቢው አስገቡት። መብራት የለም፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጠጋ። እዚያው ጭቃውን እንደለበሰ ቆሞ ተናገረ። እሱ በወጣትነቱ በመሬት ድንበር ተጣልቶ ሰው ገድሏል፤ ታስሯልም። የሟቹ ዘመዶች ግን ደም የሚመልሱት ከገዳዩ ሳይሆን ከቤቱ ደህና ልጅ ነው፤ ያ ታደሰ ነው። እናታቸው ታደሰን ስንቅ ሰጥታ ወደ አዲስ አበባ አሸሸችው፣ ከዚያ ጀማ ወንዝ ዳር ወጥታ ልጄን ውኃ ወሰደው ብላ አለቀሰች። ለቅሶ ተቀመጠች፣ ተዝካር አወጣች፣ ጠላ ጠመቀች። የሟቹ ዘመዶች ሳይቀሩ መጥተው በሉ። እሱ ሞቷል ከተባለ ማንም አይፈልገውም። ልጆቿን ደግሞ ከድሮም አስተምራቸዋለች፤ ስማችሁ ሲጠራ ሦስቴ ሳይሞላ አትመልሱ፣ ስትመልሱም አለሁ በሉ ብላ፤ አንዴና ሁለቴ የሚጠራ ክፉ ነገር ነው፣ የሚፈልግ ሰው ግን ይደግማል።

«ደብዳቤው ሲመጣ» አለ ግዛው፣ «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታደሰን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የደም ሰዎች እየፈለጉት መሰለኝ። ድሮ ሞቷል፣ ተዝካሩንም በልታችኋል አልኩ። ማኅተም ተመታበት፣ ተላከ። ከሰነበተ በኋላ ነው የማኅበሩ ጸሐፊ ደብዳቤው ለሚስቱና ለልጆቹ ጡረታ ነው ብሎ የነገረኝ። ወንድሜ አሁን በቅርብ መሞቱን፣ ልጆችም እንዳሉት የሰማሁት በአንድ ቀን ነው። ያሰርኩትን ልፈታ መጣሁ።»

ነገረ ፈጁ ተነሳ። ይህ ሰው በሐሰት የመሰከረ ነው፣ ይያዝልኝ አለ።

«ይያዝ» አለ ግዛው። «በመጀመሪያ ግን ዋስ ልሁንላት። አለሁላት።»

ሰብሳቢው ምን ንብረት አለህ አሉት። ከጉያው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ያን ጊዜ ገበሬ ያለ ይለፍ ወረቀት አገሩን አይለቅም፤ ጸሐፊው ከተማ ዋስ ይጠየቃል ብሎ ገምቶ፣ አባላችን ነው፣ ጥማድ በሬ አለው፣ ብሎ ጨምሮበታል። ነገረ ፈጁ ወረቀቱን አየና ለዳኛው መልሶ ሰጠ። ገበሬ ዋስ አይሆንም ብሎ በችሎት የሚናገር ደፋር በዚያ ዘመን አልተወለደም። አልፈረድኩበትም።

ዳኛው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ። «ማኅተሙን የመታው ማነው?» አሉ።

ግዛው እንዲህ አለ፦ «ሊቀመንበሩ ነው። እኔ የገደልኩት ሰው ልጅ ነው።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲሮጥ ይሰማል።

«ይለፉን ስጠይቀው ለምንድነው አለኝ። ነገርኩት። ወንድሜ ያን ጊዜ አልሞተም፣ እናታችን ነች የደበቀችው፣ ተዝካሩን በከንቱ ነው የበላችሁት አልኩት። ማኅተሙን ይዞ ተቀመጠ። ከብት እስኪገባ ድረስ አልመታም። ከዚያ ልጆች አሉት ወይ አለኝ። ሁለት ሴቶች አልኩት። እኔም ያለ አባት ነው ያደግሁት አለና መታው።»

ዋሱ ተመዘገበ። እኔ አሻራዬን ከሱ አሻራ አጠገብ ጫንኩ፤ አውራ ጣቱ እንደ ታደሰ ሰፊ ነው። ይግባኙ ከወራት በኋላ ተሰማና ረታሁ፤ ግዛውም ለሐሰቱ ተግሳጽ ተቀብሎ በሬዎቹን ሳይነካ አገሩ ገባ። ልጆቼ በወረቀት የታደሰ ገብሬ ልጆች ሆኑ። ያን ቀን ግን ገና ዓርብ ነው፣ እኔም ስለ ዓርቡ አልጨረስኩም።

ከችሎት ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። የወንድሙን መቃብር ላሳየው ወደ ልደታ ወሰድኩት። መንገድ ላይ እየቀለድኩ ነበር፣ ነፍሴ ተመልሳለች። ትላንት በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፈህ እማሆይን ያሳሳትከው አንተ ነህ፣ ሳንቲም እንኳ አልሰጠሃቸውም አልኩት። ድምፁ አንድ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ተፈቶልኛል።

ግዛው ቆመ።

«ትላንት እኔ ጀማ ማዶ ነኝ» አለኝ። «ወንዙ ሞልቶ እስከ ማታ አላሻገረንም። በጭነት መኪና አዲስ አበባ የገባሁት ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የጡረታው መሥሪያ ቤት ሄጄ ዘበኛው ነው ቀጠሮዋ እዚህ ነው ብሎ የጠቆመኝ። ሌላ በር አላውቅም።»

እማሆይ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ግዛውን እጃቸውን ይዞ ሰላም እንዲላቸው አደረግሁት። እማሆይ ፊቱን ዳሰሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደኔ ዞሩ።

«ይሄ እንግዳ ነው። ድምፁ ይመስላል» አሉ። «የትላንቱ ግን ታደሰ ነው። ጠራሽው ወይ?»

«ጠራሁት እማሆይ።»

«ሦስቴ?»

ሦስቴ መሆን እንዳለበት ለእሳቸው ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። ግዛውም አልጠየቀም። ጋቢውን ደርቦ ወደ መቃብሩ ቀድሞኝ ሄደ፣ መቃብሩ የት እንደሆነ ሳላሳየው።

አሁን እናንተ የምታነቡት፣ የተማራችሁ ናችሁ። ዓይነ ስውር ሴት ናቸው፣ ጉም ነበር፣ ሌላ ሰው ነው ያለፈው ትሉኝ ይሆናል። በሉ፣ አልቀየማችሁም፤ እኔም በቀን እንደዚያ ነው የምለው። የተቀየርኩበትን ብቻ ልንገራችሁ። እኔ ከዚያ በፊት ሟች ሄደ፣ አለቀ የምል ሴት ነበርኩ። ሰው ሲቸገርም ምን አገባኝ ብዬ በሬን የምዘጋ ነበርኩ። ስምንት በር ሲዘጋብኝ የከፈተልኝ በባሌ ወንድም እጅ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ያ ልጅ ማኅተሙን አልመታም ብሎ ቢቀር ማን ይፈርድበት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ልደታ ውስጥ ዋስ ያጣ ሰው አውራ ጣቴን ያውቀዋል። ለብድር፣ ለሥራ፣ ለታሰረ ልጅ፣ ስንት ወረቀት ላይ እንዳለ አላውቅም። ልጆቼ አንድ ቀን ያሳስሩሻል ይሉኛል። ያሳስሩኝ፤ እስር ቤት ወሬ አይጠፋም።

ስሜን ደግሞ አሁን ሰው አንዴ ሲጠራው ወዲያው እመልሳለሁ። ሦስቴ አላስጠራም፤ የሚፈልገኝ ሰው ሁለተኛውን ለመጥራት አቅም ላይኖረው ይችላል። የልጅ ልጄ አንዳንዴ ልትፈትነኝ፣ ተኝታለች ብላ አስባ፣ ከጓዳ ሹክ ብላ «አስካለ» ትለኛለች።

ዓይኔን ሳልገልጥ «አለሁ» እላታለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ግን፣ ጉም ነበር፣ ጠራችኝና መለስኩ። ከቆይታ በኋላ በውጭው በር ዳቦ ይዛ ገባች። ለዳቦ ከወጣች ቆይታለች። ማን ጠራኝ ብዬ አልጠየቅኋትም። የዳቦውን ቅርፊት ለኔ፣ ለስላሳውን ላንቺ አልኳት፤ ጥርስ እንደሌለኝ ታውቃለች፣ ሳቀችብኝ።